ሰርተፍኬቱን ሳይሆን እጄን እዩልኝ

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ሲፒዲ፣ ማለትም የጤና ባለሙያዎች ተከታታይ ስልጠና፣ ከሙያ ፈቃድ እድሳት ጋር መያያዙ ጥሩ ነው ይላል። እስማማለሁ። ግን ስልጠናው መስራት አለመስራቱ በምን ይለካል? እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ፣ ስንቱን ስልጠና ወስጃለሁ። መጀመሪያ ቀን ፕሪ ቴስት፣ መጨረሻ ቀን ያው ጥያቄ ፖስት ቴስት ተብሎ ይመጣል፣ መልሱን ግን ሻይ ሰዓት ላይ ተነጋግረን ጨርሰነዋል። ከዛ «አዳራሹ ተመችቷችኋል? ምሳውስ?» የምትል ቅጽ፣ አበል፣ ፎቶ፣ ቻው።

ኪርክፓትሪክ የሚባል አሜሪካዊ በ1959 እ.ኤ.አ. ያወጣው የግምገማ ዘዴ አራት ደረጃ አለው፦ ወደዱት ወይ፣ ተማሩ ወይ፣ ስራ ላይ አዋሉት ወይ፣ ውጤት መጣ ወይ። እኛ ሁለተኛዋ ላይ ቆመናል (እሷም ብትሆን እንዳልኳችሁ ናት)።

ታንዛኒያ፣ ሃይዶም ሆስፒታል የሆነውን እዩ። ተወልዶ አልተነፍስ ያለን ህጻን በመጀመሪያዋ 1 ደቂቃ ውስጥ ስለመርዳት የአንድ ቀን ስልጠና ተሰጠ። መለማመጃው አሻንጉሊት ላይ ሰልጣኞቹ ተሻሻሉ። ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ሲታይ ግን አሰራሩ ያው ነበር። ለውጥ የመጣው እዛው ክፍል ውስጥ ቶሎ ቶሎ የሚደረግ አጭር ልምምድ ሲጀመር ነው።

እና ከሶስት ወር በኋላ አንድ ሰው ይምጣና አምቡ ባግ (ጭንብል ያለው፣ በእጅ እየተጨመቀ ለህጻኑ አየር የሚሰጥ ከረጢት) ስይዝ ይየኝ። ጭንብሉ የህጻኑ ፊት ላይ ሳይገጥም አየሩ በጎን ሲያመልጥ አይቶ ዝም ካለኝ እሱም ይሰልጥን።