ተማሪው ወደቀ፤ ኮሌጁስ?

የምዝገባ ወቅት ሲደርስ የጤና ኮሌጆች ባነር በየሕንጻው ላይ ይሰቀላል። ነርሲንግ፣ ፋርማሲ፣ ሚድዋይፈሪ፣ ላብራቶሪ። ከሥሩ በደማቁ «ዕውቅና ያለን» ይላል። ወላጅም ይህችን አይቶ ልቡ ያርፋል። ዕውቅናው ምን ታይቶ እንደተሰጠ የሚጠይቅ ግን ብዙ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮሌጁ ማመልከቻ ያስገባል። ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ማለትም ከቀድሞው የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ፣ ቡድን መጥቶ ያያል። ክፍሉ ይበቃል ወይ? ቤተ መጻሕፍት፣ ቤተ ሙከራ፣ ኮምፒውተር አለ ወይ? የመምህራኑ ማስረጃ ይገላበጣል። ፈቃዱ የሚሰጠው ለየፕሮግራሙና ለየካምፓሱ ነው፤ ጊዜው ሲያልቅም ይታደሳል። (በነገራችን ላይ ለአንዱ ካምፓስ ያገኙትን ፈቃድ ለሌላውም የሚለጥፉ አይጠፉም። ስታስመዘግቡ «ለዚህኛው ነው?» በሉ።)

ይህ ሁሉ ጥሩ ነው። ነርስ ወይም ሐኪም የሚሠራው ግን በሽተኛ አጠገብ ነው።

እስኪ ጠዋት ራውንድ ላይ፣ ሐኪሞች በሽተኞችን በየአልጋው እየዞሩ በሚያዩበት ሰዓት፣ አንድ የማስተማሪያ ሆስፒታል ዋርድ ውስጥ ቁሙ። አንድ አልጋ አለ። ዙሪያውን የሕክምና ተማሪ፣ የነርሲንግ ተማሪ፣ ከየግል ኮሌጁ ለአታችመንት፣ ማለትም ለሆስፒታል ልምምድ፣ የመጣ ሁሉ ከቦታል። ሲኒየር ሐኪሙ የታማሚዋን ሆድ እየዳሰሰ ያስረዳል። የፊተኞቹ ያያሉ፣ የመሀሎቹ ይሰማሉ። ከኋላ ያሉት ስልካቸውን ይነካካሉ። አይፈረድባቸውም፤ ከሰው ጀርባ በቀር የሚታያቸው የለም። ታማሚዋ ነጠላዋን እስከ አገጯ ስባ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች።

ማዋለጃ ክፍልም ያው ነው። የሚድዋይፈሪ ተማሪ ሎግ ቡኩ (በተግባር የሠራውን የሚመዘግብበት ደብተር) እንዲሞላ የተወሰኑ እናቶችን በእጁ ማዋለድ አለበት። ወረፋ ይጠብቃል። ተራው በቅጡ ሳይደርሰው አታችመንቱ ያልቃል። ያኔ ጓንት ያቀበለበትንም «አዋልጃለሁ» ብሎ ይሞላል። ሱፐርቫይዘሩም አዝኖለት ይፈርማል። ሎግ ቡኩ ሞላ፣ ልጁ ተመረቀ።

እዚህ የደረስነው በክፋት አይደለም። ሀገሪቱ ለብዙ ዓመታት የነበሯት የሕክምና ትምህርት ቤቶች ሦስት ብቻ ናቸው፤ አዲስ አበባ፣ ጎንደርና ጅማ። ሐኪም አልበቃ ሲል መንግሥት በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። በ2004 ዓ.ም. ሌላ ዲግሪ ያላቸውን ተቀብሎ ሐኪም የሚያደርግ ፕሮግራም በ13 ተቋማት ባንዴ ተጀመረ። ሰው በሐኪም እጦት እየሞተ «ጥራት እስኪመጣ ጠብቁ» ማለት አይቻልም ነበርና ውሳኔው ልክ ነበር ባይ ነኝ። ስህተቱ ተማሪው ሲበዛ አልጋውና አስተማሪው በዚያው ልክ አለመጨመራቸው ነው። በዚያ ላይ የዕውቅና ግዴታው ለረጅም ጊዜ የግሎቹ ብቻ ነበር። ዩኒቨርሲቲውን መንግሥት ካቋቋመው በቃ፣ ብቁ ነው። መርፌ የሚወጋው በሽተኛ ግን ወጊው ከመንግሥት ይመረቅ ከግል ምን ገዶት!

ጥራቱ ሲያሳስብ የመጣው መልስ ፈተና ነው። ጤና ሚኒስቴር ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ምሩቃንን ለሥራ ፈቃድ ብሔራዊ የብቃት ምዘና ያስፈትናል። በ2015 ትምህርት ሚኒስቴር የመውጫ ፈተናን ጨመረበት፤ በመጀመሪያው ዙር በሁሉም የትምህርት መስክ ከተፈተኑት 150 ሺህ ገደማ ተማሪዎች ያለፉት 40 በመቶ ያህሉ ናቸው። ፈተናውን አልቃወምም። ግን የሚቀጣው ማንን ነው? ልጁ ይወድቃል፣ ቤት ይቀመጣል። ወላጅ የከፈለው ገንዘብ ቀለጠ። ኮሌጁ በመስከረም አዲስ ተማሪ ይቀበላል። ደግሞም በምርጫ ጥያቄ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባውን ቀጭን ቱቦ) ማስገባት የሚችለውን እጅ ከማይችለው መለየት አይቻልም።

አሜሪካኖቹም በዚህ አልፈዋል። አብርሃም ፍሌክስነር የተባለ የትምህርት ባለሙያ የአሜሪካንና የካናዳን 155 የሕክምና ትምህርት ቤቶች አዳርሶ በ1910 እ.ኤ.አ. ሪፖርት አወጣ። ደሞይን ከተማ ውስጥ የገጠመውን በኋላ ራሱ አጫውቷል። ዲኑ ያስጎበኘዋል። በሮቹ ላይ «አናቶሚ»፣ «ፊዚዮሎጂ»፣ «ፓቶሎጂ» ተብሎ ተጽፏል፤ ሁሉም ተቆልፈዋል። ቁልፍ የያዘው ሰው የለም ተባለ። ፍሌክስነር የሄደ መስሎ ተመለሰና ለጽዳት ሠራተኛው አምስት ዶላር አስጨብጦ አስከፈታቸው። በየክፍሉ የነበረው ጠረጴዛ፣ ትንሽ ሰሌዳና ወንበር ብቻ ነው። ቀኑ ቀድሞ በደብዳቤ የሚነገር ጉብኝት ይህን አያገኝም።

ያ ሪፖርት ግን ጠባሳም ጥሏል። ከሰባቱ የጥቁሮች የሕክምና ትምህርት ቤቶች አምስቱ ተዘግተው ሃዋርድና ሜሃሪ ብቻ ቀሩ። ጥቁር ሐኪም ለትውልድ አነሰ። እኛም ራቅ ያለ ክልል ያለን ኮሌጅ ብድግ ብለን ብንዘጋ የሚጎዳው የዚያው አካባቢ ሰው ነው። መዝጋት የመጨረሻው ይሁን። መጀመሪያ የየተቋሙ የፈተና ውጤት፣ የመንግሥቱም የግሉም፣ በየዓመቱ ከዕውቅና ዝርዝሩ ጎን ይለጠፍ። ደጋግሞ የወደቀው ቅበላው ይቀነስ።

ከሁሉ በላይ ግን ቅበላው በአልጋና በወሊድ ቁጥር ይወሰን። አንድ ሆስፒታል ለብዙ ኮሌጆች የአታችመንት ስምምነት ይፈርማል። እያንዳንዱ ኮሌጅ ሆስፒታሉን ብቻውን እንደያዘው አድርጎ ማመልከቻው ላይ ያሰፍረዋል። የስምምነት ደብዳቤዎቹ ባለሥልጣኑ ዘንድ አሉ። በወር ስንት እናት እንደወለደች ደግሞ ለጤና ሚኒስቴር ሪፖርት ይደረጋል። ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች እነዚህን ወረቀቶች አንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ቢያስተያዩ፣ የትኛው ሆስፒታል ከአቅሙ በላይ ተማሪ እንደተጫነበት በአንድ ሳምንት ይታወቃል።