ሁዳዴና የመንገድ ዳር ሚዛን

ጓደኛዬ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነው፤ የባዮሎጂ መምህር። ለቅበላ ሰው ሁሉ ሥጋ ሲቀበል እሱ ሌላም ነገር ተቀበለ። ገብቷችኋል። በኮንዶም ነው። አልተቀደደ፣ አልወለቀ። በስልኩ መብራት አገላብጦ አይቶታል። እኔ ብሆን ለጥ ብዬ እተኛ ነበር።

እሱ ግን «ኤችአይቪ ይዞኝ ይሆን?» ብሎ በነጋታው ባጃጅ መስታወት ላይ ምላሱን አውጥቶ ሲመረምር ተገኘ።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። እስከ 9 ሰዓት እህል ውኃ የለም። ለንስሐ አባቱ መናገር ስላፈረ ራሱ ለራሱ በቀን 41 ስግደት አዘዘ። በየማታው መናኸሪያው አጠገብ ሚዛን ዘርግቶ የሚቀመጠው ልጅ ዘንድ ሄዶ ይመዘናል። በ2 ሳምንት 3 ኪሎ ቀነሰ።

«አየህ? እየከሳሁ ነው። ጉልበቴንም ይቆረጥመኛል።»

«ሽሮ እየበላህ፣ 41 እየሰገድህ፣ ልትወፍር ኖሯል?»

አልሰማኝም። በሦስተኛው ሳምንት ከንፈሩ ላይ ውኃ የቋጠረ ነገር ወጣ። እናቱ «ምች መቶህ ነው ልጄ» አሉና ዳማከሴ ጨምቀው ቀቡት። እሱ ጓዳ ገብቶ ስልኩ ላይ «ኸርፐስ» የሚል አነበበ። የሚያስቀው፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። ምች የምንለው የከንፈር ቁስል የሚመጣው በዚያው ቫይረስ ነው፤ ብዙ ሰው ገና በልጅነቱ ከዘመድ አዝማድ ስሞሽ ይይዘዋል። እኛ አገር ደግሞ ልጅ ሳይሳም አያድግም። እኔ የምጠረጥረው አክስቶቹን ነው።

«ተመርመርና ይውጣልህ» አልሁት። ማርቆስ ላይማ አይሆንም! ካርድ ክፍል የእናቱ የማኅበር ጓደኛ አለች። ይኼ ሰው ከበሽታው ይልቅ ወረፋውን ነው የሚፈራው። ኮፍያና ማስክ አድርጎ ፍኖተ ሰላም ድረስ ተሳፈረ።

ነርሷ ቀና ብላ አየችው።

«ውይ፣ ቲቸር!»

9ኛ ክፍል አስተምሯታል። ማስኩ ምንም አልረዳውም።

«ተቀዶ ነበር?» «አይ።» «ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተጠቅመዋል?» «አዎ።»

«ታዲያ ቲቸር፣ በትክክል ከተጠቀሙበት ኤችአይቪንም ጨብጥንም በደንብ ይከላከላል ብለው ያስጻፉን እርስዎ አይደሉ እንዴ? ፈተናም ላይ አምጥተውታል።»

«ግን ቂጥኝ… ኮንዶሙ ያልሸፈነው ቆዳ ላይ ቁስል ካለ…»

«እሱንም አስጽፈውናል። እጅዎን ይስጡኝ፣ ኤችአይቪውንም ቂጥኙንም እናየዋለን።»

ሁለቱም አንዳንድ መስመር ብቻ አሳዩ። ነፃ ነው። እሱ ግን ኪቶቹን መስኮት ላይ ወስዶ፣ ዓይኑን አጥብቦ፣ ሁለተኛ መስመር ሲፈልግ ቆየ። ነርሷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ መጀመሪያ አካባቢ ላይታይ ስለሚችል 3 ወር ሲሞላ ይድገሙት አለችው። ለጤነኛ ሰው ተራ ምክር ነው። ለእሱ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ሆነ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ደውሎ «ድገም ያለችኝ ለምንድን ነው? ፊቷስ ለምን ጠቆረ?» ይለኛል። ፊቷ የጠቆረው ሳቅ ስትይዝ ነው፤ ማን ያስረዳው?

ፋሲካ ደረሰ። ዶሮው፣ በጉ፣ ጠላው፣ አረቄው። እፎይ አልሁ፤ ለአንድ ሳምንት ስልኬ ዝም አለ።

በዳግማ ትንሣኤ ማታ ጠራ።

«ስማ እስኪ፣» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በአንድ ሳምንት 4 ኪሎ መጨመር የምን ምልክት ነው?»