ያላነበባችሁት ደንብ ይገዛችኋል

የጅማ ከተማና የዙሪያዋ ወረዳዎች ነዋሪዎች፣ ወገኖቼ፤ ኅብረት ሥራ ማኅበር ለማቋቋም በሚጠራ ስብሰባ ሁሉ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሳይባል ንግግር አይጀመርም። ተረቱን የማያውቅ የለም፤ የሚቋቋመውን ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ አንብቦ የመጣ ሰው ግን ተፈልጎ አይገኝም። ደንቡን ሌላ ሰው ይጽፍልናል፣ ቃለ ጉባኤውን ሌላ ሰው ያዘጋጅልናል፣ ከእኛ የሚጠበቀው ፊርማ ብቻ ይመስለናል። ዓመት ሁለት ዓመት ቆይቶ ሊቀመንበሩ የማኅበሩን ገንዘብ እንደ ኪሱ ሲያዝበት ስናይ «ተበላን» ብለን እንጮኻለን። ዛሬ የምወቅሰው በሊታውን ሳይሆን፣ ማዕዱን ዘርግታችሁ ፊታችሁን ያዞራችሁትን እናንተን ነው።

በየቀበሌው አዳራሽ የሚደረገውን መሥራች ጉባኤ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። አጀንዳው ሳይነበብ በማስመሪያ የተሰመረ ባዶ ወረቀት ከአግዳሚ ወደ አግዳሚ ይዞራል፤ ተራ ቁጥር፣ ሙሉ ስም፣ አድራሻ፣ ፊርማ። እናት ከጉልቷ መነሣት ስላልቻለች ልጇ ይፈርምላታል፤ ጎረቤት ለጎረቤት ይፈርማል፤ አንዱ «የምንፈርመው ለምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ «ለውሎ አበል ነው» ብሎ የሚያሾፍበት አይጠፋም። ቃለ ጉባኤው የሚጻፈው ከቀናት በኋላ፣ ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ውስጥ፣ ኮሚቴ የተባሉት ሁለት ሦስት ሰዎች በተገኙበት ነው፤ በዚያም «ተሰብሳቢው በሰፊው ከተወያየ በኋላ በሙሉ ድምፅ ወስኗል» የሚል ዐረፍተ ነገር ይገባበታል። ውይይት አልነበረም፤ ድምፅም አልተሰጠም።

በሕግ ዓይን ግን ያ ወረቀት የማኅበሩ መሠረት ነው። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 ለምዝገባ ሊቀርቡ የሚገባቸውን ሰነዶች ሲዘረዝር የመሥራቾቹን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ መተዳደሪያ ደንቡን በሦስት ቅጂ፣ የአባላቱንና የሥራ አመራር ኮሚቴውን ስም፣ አድራሻና ፊርማ፣ የማኅበሩን ዕቅድ፣ እንዲሁም የካፒታሉን መጠንና ገንዘቡ ተሰብስቦ ባንክ መግባቱን የሚያሳይ ማስረጃ ጠይቆ ነበር። አዋጁ በ1996 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 402 ተሻሻለ፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 985 ተተካ። ሕጎቹ ቢፈራረቁም አካሄዱ ያው ነው፤ መሥራቾች ይሰበሰባሉ፣ ደንብ ያጸድቃሉ፣ መሪዎቻቸውን ይመርጣሉ፣ ዕጣ ማለትም የድርሻቸውን ገንዘብ ይከፍላሉ፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ መዝጋቢው የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሄዱት። ማኅበሩ ሲመዘገብ የሕግ ሰውነት ያገኛል፤ በስሙ ይዋዋላል፣ ይበደራል፣ ንብረት ያፈራል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል። መዝጋቢው የሚመረምረው የቀረበለትን ሰነድ ነው። አዳራሹ ውስጥ ማን እንደነበረና ማን ለማን እንደፈረመ የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ እናንተ ደግሞ ዝም ብላችኋል።

በዚችው ከተማ ስሙን የማልጠራው የእንጨት ሥራ ባለሙያዎች ማኅበር አለ። በርጩማና አልጋ የሚሠሩ፣ ከአናጢነት ሌላ መተዳደሪያ የሌላቸው ሰዎች ናቸው። የደንባቸው አንድ አንቀጽ «ማንኛውም አባል ያመረተውን እሸት ቡና ማኅበሩ ወዳቋቋመው የቡና ማጠቢያ ጣቢያ የማቅረብ ግዴታ አለበት» ይላል። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ከአንድ የቡና ገበሬዎች ማኅበር ደንብ ላይ ስሙን ለውጠው፣ ሌላውን ሳያነቡ አትመውታል። አባላቱ ፈርመዋል፤ መዝጋቢውም ማኅተሙን አሳርፎበታል። ሳቃችሁን ያዙት፤ ቀልዱ የሚያበቃው የስንብት አንቀጹ ላይ ሲደረስ ነውና። ከእነዚህ አናጢዎች አንዱ መውጣት ፈልጎ ዕጣው እንዲመለስለት ሲጠይቅ፣ መልስ የሚያገኘው ከቡና መሰብሰቢያ ወራት ማለፍ በኋላ ብቻ እንደሆነ ከዚያው ደንብ ተነበበለት። እርሱ ቡና የሚያውቀው በስኒ ነው። ደንቡ ግን የፈረመበት ደንብ ነውና አሰረው።

የመተዳደሪያ ደንብ ማለት የማኅበሩ ዓላማ፣ የአባልነት መስፈርት፣ የመብትና የግዴታ ልክ፣ የምርጫው ሥርዓት፣ የስንብቱና የስረዛው ምክንያት፣ የትርፉ አደላደል፣ የሒሳብ ምርመራው ሁሉ የሚሰፍርበት ሰነድ ነው። አዋጁ አጥሩን ሠርቶ ውስጡን ለእናንተ ትቶላችኋል፤ እናንተ ደግሞ ውስጡን ለፎቶ ኮፒ ማሽን ትታችሁታል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለው ያባቶች ቃል ለቄስ ተማሪ ብቻ የተነገረ አይምሰላችሁ።

እዚህ ላይ ጅማን የሚመለከት አንድ ነገር አለ። ከተማችን የኦሮሚያ ክልል ከተማ እንደመሆኗ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ ደንቡም በዚያው ይዘጋጃል፤ ይህ የሚገባ ነው። ነገር ግን በአንድ የሸማቾች ወይም የገንዘብ ቁጠባና ብድር ማኅበር ውስጥ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ከፋው፣ ዳውሮው፣ የሙ፣ ጉራጌው አብሮ ይፈርማል፤ ከእነዚህ ውስጥ በገበያ ቋንቋው ተግባብቶ የሚውል፣ የሕግ ጽሑፍ ሲሆን ግን የሚጠፋበት ሞልቷል። አፍሮ አይጠይቅም፤ ይፈርማል። ከአጠገቡ የተቀመጠው ሁለቱንም ቋንቋ አጥርቶ የሚያውቀው ጎረቤቱም አንቀጽ በአንቀጽ ተርጉሞ አይነግረውም። ልቅሶ ቤት ሦስት ቀን አብራችሁ የምትቀመጡ ሰዎች ለግማሽ ቀን የደንብ ንባብ መቀመጥ እንዴት ያቅታችኋል?

ይህ ቸልተኝነት ከየት እንደመጣ አላጣሁትም። የኅብረት ሥራ ሕግ በአገራችን ከ1950ዎቹ ጀምሮ ያለ ቢሆንም፣ ብዙው ሰው ማኅበርን የሚያስታውሰው በደርግ ዘመን በነበረው መልኩ ነው። የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሲባል መሬትና በሬ አንድ ላይ ገብቶ፣ ሥራው በነጥብ ተቆጥሮ፣ ገበሬው በገዛ ማሳው ላይ ሠራተኛ የሆነበት ጊዜ ነበር። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ገበሬው እነዚያን ማኅበራት አፍርሶ መሬቱን መልሶ የተከፋፈለው ያለምክንያት አልነበረም። በግዴታ የተገባበትን ነገር ሰው እንደራሱ አይቆጥረውም፤ የማይቆጥረውንም አይጠብቅም። እስከዚህ ድረስ እስማማለሁ። ነገር ግን ከ1991 ዓ.ም. ወዲህ ያለው ሕግ አባልነትን በፈቃደኝነት ላይ አቁሞታል። ዛሬ ወደ አዳራሹ በግዴታ የሚያስገባችሁ የለም፤ ዘይትና ስኳር በማኅበር በኩል ይመጣል፣ መሬት በማኅበር ይሰጣል፣ ብድር በማኅበር ይገኛል ሲባል ሰምታችሁ በእግራችሁ ሄዳችሁ ነው የገባችሁት። በፈቃዱ የገባ ሰው የአባቶቹን ምሬት ሰበብ አድርጎ ሊያነሣ አይገባውም።

ስም ማዋስንም ሳልነካ አላልፍም። የ1991ዱ አዋጅ መሠረታዊ ማኅበር፣ ማለትም ግለሰቦች በቀጥታ አባል የሚሆኑበትን ማኅበር፣ ለማቋቋም ቢያንስ 10 ሰዎች ያስፈልጋሉ ይል ነበር፤ በማናቸውም ጊዜ ቢሆን ሕጉ የሰው ቁጥር የሚጠይቀው የጋራ ችግርና የጋራ ጥቅም ያላቸው ሰዎች በርግጥ መኖራቸውን ለማረጋገጥ ነው። እኛ ግን ቁጥሩን በአክስት ልጅ፣ በአዲስ አበባ በሚኖር ወንድም፣ ሥራውን ጨርሶ በማያውቅ ዘመድ እንሞላዋለን፤ የዕጣውንም ገንዘብ አንዱ ባለሀብት ለሁሉም ይከፍልላቸዋል። እንዲህ ያለው ማኅበር የአንድ ሰው ንግድ ነው፤ ማኅበር የተባለው ሕጉ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የሰጠውን የገቢ ግብር ነፃነት ለማግኘት ነው። ይኸው ሕግ አንድ አባል ከማኅበሩ የተከፈለ ካፒታል ከ10 በመቶ በላይ ዕጣ እንዳይዝ የደነገገው እንዲህ ያለውን ሰው አስቀድሞ አይቶት ነው፤ እናንተ ስማችሁን ስታውሱት ግን አጥሩን ከውስጥ ሆናችሁ ከፈታችሁለት። ብድር ተወስዶ ሳይመለስ ሲቀር፣ ቃለ ጉባኤው ላይ ያለው ፊርማ የእናንተ ነውና የምትጠሩት እናንተ ናችሁ።

ንግድ ለመነገድ የፈለጋችሁ ጥቂት ሸሪኮች ብትሆኑ የንግድ ሕጉ የሽርክናና የኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር በር ከፍቶላችኋል፤ በዚያ ግቡ። ዕድርና ዕቁብም ራሳቸውን ችለው የሚኖሩ ነገሮች ናቸው። ሁሉን ነገር «ማኅበር» ብሎ መጥራት ቀላል ስለሆነ ብቻ የኅብረት ሥራ ምዝገባ አትጠይቁ።

ወደ ቡና ገበሬዎች ልመለስ፤ የጎማ፣ የማና፣ የሊሙ፣ የገራ ወገኖቼ ነገር ከከተማው ይልቅ ይከብዳልና። የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን በ1991 ዓ.ም. በ34 መሠረታዊ ማኅበራት ሲቋቋም የታሰበው ገበሬው ቡናውን በራሱ ማኅበር አጥቦና አድርቆ፣ በዩኒየኑ በኩል ለውጭ ገዢ በቀጥታ እንዲሸጥ ነው። በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ፣ ያ ምርት በማዕከል የሚገበያይበት ድርጅት፣ ሲቋቋምም ይህ የቀጥታ ሽያጭ መንገድ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ተጠብቆላቸዋል፤ ሌላው ነጋዴ ይመኘው የነበረ መብት ነው። ታዲያ ቡናው ሲቀላ ምን ታደርጋላችሁ? ማኅበሩ ለእሸት መግዣ ከባንክ ተበድሮ ጣቢያውን ከፍቶ እየጠበቀ፣ እናንተ በኪሎ ትንሽ ጨምሮ እጅ በእጅ የሚከፍል ሰብሳቢ መንገድ ላይ ሲያገኛችሁ ቀዩን ለእርሱ ታራግፋላችሁ፤ አረንጓዴ የተቀላቀለበትን ለማኅበራችሁ ታመጣላችሁ። ማጠቢያው ግማሽ ቀን ይሠራል፣ ጥራቱ ይወድቃል፣ የባንኩ ወለድ ግን ሙሉውን ዓመት ይቆጠራል። ከዚያ በዓመቱ መጨረሻ «የትርፍ ክፍፍሉ የት አለ?» ብላችሁ ትቆጣላችሁ። ሰብሳቢው ቡናችሁን ከሸጠ በኋላ ያገኘውን ትርፍ መልሶ ሲያካፍላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የገንዘብ ችግር ቀጠሮ እንደማይሰጥ፣ የልጅ ትምህርት ቤትና የሕመምተኛ ወጪ እንዳለ አውቃለሁ፤ ስለዚህም ቅድሚያ ክፍያው በስንት ቀን ይከፈል የሚለውን በደንባችሁና በጠቅላላ ጉባኤያችሁ ወስናችሁ ማስፈር ነበረባችሁ። ያ ቀን የሚወሰነው ቡናው ሳይቀላ ነው።

ስለ ትርፉ ካነሣን፣ የ1991ዱ አዋጅ ከተጣራ ትርፍ 30 በመቶው ለመጠባበቂያ እንዲቀነስ፣ ይህም መጠባበቂያው የካፒታሉን 30 በመቶ እስኪሞላ እንዲቀጥል አዝዞ እንደነበር የምታውቁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? ይህን የማያውቅ አባል ኮሚቴው «ለመጠባበቂያ ቀንሰናል» ሲለው ሌብነት ይመስለዋል፤ በእውነት የሚሰርቀው ኮሚቴ ደግሞ «መጠባበቂያ» በሚል ስም ያልፈዋል። ሁለቱን የሚለየው የሒሳብ ምርመራ ሪፖርት ነው፤ ሪፖርቱ ግን በጠቅላላ ጉባኤ ሲቀርብ ወንበሩ ባዶ ነው። አንድ አባል አንድ ድምፅ አለው፤ ብዙ ዕጣ የገዛውም አንድ፣ ትንሽ የገዛውም አንድ። ሀብታምና ድኻ በአንድ ሚዛን የሚቆሙበት ይህን የመሰለ ቦታ በሌላ የት እንደምታገኙ አላውቅም፤ እናንተ ግን ለምሳ እንኳ ሳትቆዩ ትወጣላችሁ፤ ምርጫው ከምሳ በኋላ ነው የሚደረገው። የሥራ አመራር ኮሚቴ ዘመን ሦስት ዓመት ሆኖ ከሁለት ተከታታይ ጊዜ በላይ እንዳይመረጥ የ1991ዱ ሕግ የወሰነውን ከቁም ነገር ሳትቆጥሩ፣ «ሌላ ማን አለ?» እያላችሁ አንዱን ሰው እስኪያረጅ ታስቀምጡታላችሁ። የቁጥጥር ኮሚቴውን ደግሞ ከሊቀመንበሩ ወዳጆች ትመርጣላችሁ።

ክርክር ሲነሣም የምትሄዱበትን መንገድ አስተውሉ። ሕጉ በአባልና በማኅበር መካከል የሚነሣ አለመግባባት በእርቅና በሽምግልና ዳኝነት እንዲታይ ሥርዓት አበጅቶለታል። እኛ ግን ነገሩን ቡና ጠጥተን እናማዋለን፣ ፌስቡክ ላይ እንጽፈዋለን፣ ወይም አባልነታችንን ትተን ዝም ብለን እንቀራለን፤ ያዋጣነው ዕጣም እዚያው ይቀራል። በጽሑፍ ያልቀረበ አቤቱታ በማኅበሩ መዝገብ ላይ አልተገኘም ማለት ነው፤ መዝገቡ ላይ ያልተገኘውን ደግሞ መርማሪም ዳኛም ሊያየው አይችልም።

አሁን የጥቅምትና የኅዳር ወራት ሲገቡ፣ ብዙዎቻችሁ አዲስ ማኅበር ለማቋቋምም ሆነ በነባሩ ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ ለመሳተፍ መጠራታችሁ አይቀርም። የስም መዝገቡ ወረቀት ሲደርሳችሁ ከፊርማው በፊት ደንቡን ጠይቁ፤ በእጅ ካልተሰጣችሁ በድምፅ ይነበብ በሉ፤ ቋንቋው ያልገባው ሰው ካለ ጎኑ የተቀመጠው ይተርጉምለት፤ ቃለ ጉባኤው እዚያው ተጽፎ፣ እዚያው ተነቦ፣ እዚያው ይፈረም። አዘጋጁ «ጊዜ የለንም፣ ሰነዱ ዛሬ መግባት አለበት» ካላችሁ ወረቀቱን ሳትፈርሙ ለሚቀጥለው ሰው አሳልፉት።