ድንጋይ የሚያጠጣው ሰውዬ

በአገራችን ትርፍ ሰዓት ያለው ሰው ሁለት ሥራ ተፈቅዶለታል። ወይ ሰው ይጠይቃል፣ ወይ ሰው ያማል። ሁለቱን ባንድ ላይ ማስኬድም ይቻላል፤ ብዙዎቻችን እንደዚያ ነው የምናደርገው። ቲክቶክ ላይ ተጥደህ ብትውል፣ ጫማህን እያስጠረግህ አላፊ አግዳሚውን ስትቆጥር ብታመሽ ማንም ምንም አይልህም። "ጠርሙስ ውስጥ ድንጋይ አበቅላለሁ" ካልክ ግን ነገር መጣ። መጀመሪያ ሚስትህን በዓይናቸው ይጠይቋታል። ቀጥሎ ጠጋ ብለው፣ "ለመሆኑ እንቅልፍ ይተኛል?" ይሏታል።

ነገሩ ያን ያህል የሚያስደነግጥ አልነበረም። የኬሚካል አትክልት ይሉታል። ሶዲየም ሲሊኬት የሚባል ወፍራም፣ የሚያጣብቅ ፈሳሽ አለ። አንድ እጁን በአራት እጅ ውሃ ታቀጥነዋለህ። ከዚያ የብረታ ብረት ጨው ቅንጣቶች ጣል ታደርግበታለህ። መዳብ ሰማያዊ ያወጣል። ብረት እንደ ዓይነቱ ብርቱካናማ ወይም አረንጓዴ ይሆናል። ካልሲየም ነጭ ነው። ጥቂት ደቂቃ ሳይሞላ ቅንጣቱ ቡቃያ ያወጣል፤ ቡቃያው ግንድ ይሆናል፤ ግንዱ ቅርንጫፍ ያወጣል። ሥር የለው፣ ዘር የለው፣ ዝናብ አይጠብቅ። ዮሐን ግላውበር የሚባል ጀርመናዊ ይህን የጻፈው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1646 ነው። እኛ ጋ አፄ ፋሲለደስ ጎንደር ላይ የነገሡበት ዘመን ማለት ነው። እነሱ ድንጋይ ሲያበቅሉ እኛ ድንጋይ እየካብን ነበር። የኛው አሁንም ቆሟል፤ በዚህ እንኳን አንታማም።

ለኔ ነገሩ የድሮ ቂም ነው። እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት ላብራቶሪ ነበረ። በሩም ነበረ፣ ቁልፉም ነበረ። ቁልፉን የያዙት መምህር ግን ወደ ሌላ ቦታ ተዛውረዋል። ዕቃው እንዳይበላሽ ተብሎ ማንም አልነካውም፤ በየዓመቱ ቆጠራ ብቻ ይደረግለታል። "ኮፐር ሰልፌት ሰማያዊ ነው" የሚለውን ያየነው በጥቁር ሰሌዳ ላይ በነጭ ጠመኔ ተጽፎ ነው። ፈተና ላይም ትክክለኛውን መርጠን አልፈናል። እንግዲህ ጎልማሳ ሆኜ፣ ቀበቶዬ አንድ ቀዳዳ ሲጨምር፣ ያንን ሰማያዊ በዓይኔ ልየው ብል ምን ነውር አለው?

መርካቶ የሳሙና ኬሚካል የሚሸጥበት ሱቅ ገባሁ።

"ሲሊኬት አለ?"

"ሞልቷል። ለሳሙና ነው አይደል ጋሼ?"

"ለአትክልት ነው።"

ልጁ ረዳቱን አየው። "ለተባይ ከሆነ ሌላ ጥሩ አለን።"

"አይ፣ ራሱ ነው አትክልቱ።"

"እሺ። ስንት ጀሪካን ይሁንልዎ?"

"ግማሽ ሊትር።"

ፊቱ የጠቆረው ይሄኔ ነው። ማበዴን ችሎት ነበር። ግማሽ ሊትር መግዛቴን ግን ሊችለው አልቻለም።

የቧንቧ ውሃ ካልሲየም ስላለበት ፈሳሹን ያደፈርሰዋል ብለው ስለሚመክሩ የባትሪ ውሃ ፍለጋ ነዳጅ ማደያ ሄድኩ። "መኪናዎ የታለ?" አሉኝ። መኪና የለኝም። ይሄንንም አለፍነው።

ቅዳሜ ከሰዓት የታጠበ የማርማላታ ጠርሙስ መስኮቱ ሥር አስቀመጥኩ። የላስቲክ ጓንት አጠለቅኩ፤ መነጽር አደረግኩ። ሲሊኬት ዓይን ከነካ ቀልድ የለውም። አማቴ ከጓዳ ብቅ ብለው አዩኝና አማተቡ። ከዚያ ሰማያዊዋን የኮፐር ሰልፌት ቅንጣት በወረንጦ ይዤ ለቀቅኳት። ታች ወርዳ ተቀመጠች። መጀመሪያ ዙሪያዋ ደብዘዝ አለ። ቀጥሎ አናቷ ላይ እንደ መርፌ ጫፍ የምታህል እብጠት ወጣች። እብጠቷ ተወጠረች፣ ፈነዳች፣ ከፈነዳችበት ቀጭን ሰማያዊ ክር ተመዘዘ። ክሩ ትንሽ ይወጣና ቆም ይላል፤ የሆነ ነገር ያስባል፤ ዞር ብሎ በጎን ይቀጥላል። ብርቱካናማው የብረት ጨው ደግሞ ቸኩሎ፣ ወፈር ብሎ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ ይወጣል። የማንጋኒዝ ጨው ግን አንገቱን ደፍቶ ቀረ። ይሄ ሁሉ ሲሆን ድምፅ የለም። አማቴ ሳያውቁት ወንበር ስበው ተቀምጠዋል።

የሚሠራበት መንገድ ከብሎካችን ወሬ ጋር አንድ ነው። ቅንጣቱ ይሟሟል። የሟሟው የብረታ ብረት ጨው ከሲሊኬቱ ጋር ሲገናኝ ዙሪያውን ስስ ቆዳ ይሠራል። ቆዳው ውሃ ያስገባል፣ የውስጡን ጨው ግን አያስወጣም። ውስጥ ጨው ስለበዛ ውሃው ወደዚያ ይጎርፋል፤ ይወጠራል፤ መጨረሻ ላይ ይፈነዳል። ያፈተለከው ከዙሪያው ፈሳሽ ስለሚቀል ወደ ላይ ይወጣል፤ እየወጣም አዲስ ቆዳ ይለብሳል። ወሬም እንዲሁ ነው። ሁሉን ያስገባል፣ ይወጠራል፣ ይፈነዳል፣ አዲስ ልብስ ለብሶ አንድ ፎቅ ይወጣል።

የኔም ጠርሙስ እንደዚያው ሆነ። ምድር ቤት "ዓሣ ሊያረባ ነው" ተባለ። ሁለተኛ ፎቅ ሲደርስ መድኃኒት ቀማሚ ሆኛለሁ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወርቅ አነጥራለሁ። አራተኛ ፎቅ የደረሰው መተት ሆኖ ነው። ከአራተኛ ፎቅ በላይ ጣሪያ ነው እንጂ ሌላም እሆን ነበር።

ሁሉም ግን አንድ ጥያቄ አላቸው። "ለምን ይጠቅማል?" ይሄን ጥያቄ የሚጠይቀው ሰው ሳሎኑ ቁምሳጥን ውስጥ ማንም ጠጥቶባቸው የማያውቁ ብርጭቆዎች ደርድሯል። ለምን ይጠቅማሉ ተብሎ ተጠይቆ አያውቅም። እኔ "ለምንም" ስል ግን የሆነ ነገር የደበቅኩ ይመስላቸዋል። ለምንም የማይጠቅም ነገር የሚሠራ ሰው ወይ ሀብታም ነው፣ ወይ አንድ ነገር ነክቶታል። ሀብታም አለመሆኔን ደግሞ ያውቃሉ። ባለቤቴም ብትሆን ጫናው ሲበዛባት፣ "ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል" ማለት ጀምራለች።

መጀመሪያ የመጡት ጎረቤታችን ጋሼ ናቸው። ሕንፃ ሲያሠሩ የኖሩ ናቸው። ያከብሩኝ እንደሆነ ብዬ፣ ሲሚንቶ በውሃ ሲረጥብ ቅንጣቶቹ ላይ ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ስስ ነገር እንደሚበቅል፣ ተመራማሪዎችም ሁለቱን ሲያነጻጽሩ እንደኖሩ ነገርኳቸው። "ሲሚንቶ" የምትለዋን ቃል ሲሰሙ ቀና አሉ።

"ቀነሰ እንዴ?"

ቀጥለው የመጡት ጨጓራ የሚያማቸው የምድር ቤቱ ሰውዬ ናቸው። ከተማችን ውስጥ ማንኛውም ባለ ቀለም ፈሳሽ መጨረሻው ጨጓራ ላይ ነው። ጠርሙሱ ላይ በትልቁ "አይጠጣም፣ መርዝ ነው" ብዬ ለጥፌበታለሁ። እሳቸው አነበቡትና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ለጨጓራ እንዴት ነው?"

"ኧረ ጋሼ! ይሄ እኮ ጨጓራዎትን ይጨርሰዋል።"

"እሱን እኮ ነው የምፈልገው!"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠርሙሱ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ወጣ። ኮባልትና ኒኬልንም ቤቴ ያላስገባሁት በዚሁ ነው። የኮባልት ወይን ጠጅና ሰማያዊ ዓይን ያማልላል፤ የኒኬል አረንጓዴም ቢሆን ሣር ያስንቃል። ነገር ግን ሁለቱም መርዝነታቸው የከፋ ነው። ልጅና የጨጓራ ሕመምተኛ ባለበት ቤት አይሆኑም።

የአራተኛ ፎቋ እናት መተቱን በዓይናቸው ሊያዩ መጡ። አይተው ግን ወደዱት። በማግስቱ ከነጠላቸው ጫፍ የገበታ ጨው ፈትተው፣ "ልጄ፣ ይሄስ ጨው አይደል? የኔንም ዝራልኝ" አሉኝ። ዘራሁላቸው። ቡናው ተፈልቶ ቶና አልፎ በረካ ደረሰ። ምንም የለም። ጨዉ ሟሟ፣ ጠፋ። የገበታ ጨው ሶዲየም ነው፤ ሶዲየም ከሲሊኬት ጋር ሲገናኝ ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ይቀራል እንጂ የማይሟሟ ቆዳ አይሠራም። ቆዳ ከሌለ የሚወጠር የለም፤ የሚወጠር ከሌለ የሚበቅል የለም። ይሄን ሁሉ አስረዳኋቸው። እሳቸው የሰሙት ግን ጨዋቸው ከመዳብ ማነሱን ነው።

"የአፍዴራ ጨው እኮ ነው!" አሉ። ተቀይመዋል።

ከአማቴ ይልቅ ተረት የሚያውቅ የለምና፣ "ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል" ብለው ጨመሩበት። ለማስታረቅ ያነሳሁት ዳሎልን ነው። እዚያው አፋር ውስጥ፣ ከባሕር ወለል ዝቅ ብሎ፣ ምድር ራሷ ጨውና ብረት ከድኝ ጋር ቀላቅላ ቢጫ፣ አረንጓዴና ቀይ ታወጣለች። ውሃው አሲድ ነው፤ ከሎሚ በብዙ የባሰ። ፈረንጅ ስንት ከፍሎ ነው የሚያየው፣ የኔ ጠርሙስ ምን አላት አልኳቸው። የአራተኛ ፎቋ እናት ትንሽ አሰቡና፣ "ለዚያስ ማን ይከፍላል? መንግሥት?" አሉኝ። የአገሬ ሰው የትም ብትወስደው ሒሳቡን አይረሳም።

ጣጣው የመጣው ውሃ በጠፋበት ሳምንት ነው። ቢጫ ጀሪካን በየደረጃው ተሰልፏል። አንዷ ወጣት እናት ደረጃ ስትወጣ የመስኮቴን ጠርሙስ አየችና ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ፣ "ሰው የሚጠጣው አጥቶ እሱ ድንጋይ ያጠጣል!" አለች። ከዚያ በኋላ "ድንጋይ የሚያጠጣው ሰውዬ" ስሜ ሆነ። የባትሪ ውሃ ነው ብል ማን ይሰማኛል?

የብሎኩ ኮሚቴ አጀንዳ ያዘልኝ። ሊፍት፣ ጥበቃ፣ የቆሻሻ ክፍያ፣ ከዚያ እኔ። ክርክሩ ያልጠበቅኩት ቦታ ሄደ። ሕይወት አለው ወይስ የለውም? ካለው የውሃ መዋጮ ይጨመርበታል። ካደገ፣ ቅርንጫፍ ካወጣ፣ ውሃ ከሳበ፣ እንዴት ሕይወት የለውም ይባላል? አንዱ ጡረተኛ መምህር ይህን ሲያነሱ ሳቄ መጣ፤ ምክንያቱም ከመቶ ዓመት በፊት ስቴፋን ሌዱክ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ይኼንኑ ይዞ ነበር። እንጉዳይና ቅጠል የሚመስሉ ነገሮች ከጨው እያበቀለ፣ ሕይወት እንዴት እንደተጀመረች እዚህ ውስጥ ፍንጭ አለ ይል ነበር። የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ የሐኪሙን ሙከራ በመጽሔቱ ላይ አላወጣም አለ፤ ሕይወት ከሌለው ነገር ሕይወት ይገኛል የሚለውን የድሮ ጣጣ እንዳይቀሰቅስ ነው። ሰውየው ስለ ሕይወት ቸኩሏል። ቢሆንም ዛሬ ሕይወት ከውቅያኖስ ሥር ከሚፈልቁ የፍል ውሃ ምሰሶዎች ተነስታ ይሆናል የሚሉ ሳይንቲስቶች ይህንኑ አትክልት ላብራቶሪያቸው ውስጥ ያበቅላሉ። የኛ ኮሚቴ ግን ከአካዳሚው ይልቅ ፈጠነ። ቃለ ጉባኤው ላይ "ሕይወት የሌለው ሆኖ ስለተገኘ መዋጮ አይመለከተውም" ተብሎ ተፈረመ።

የሚገርመው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ክረምት መጣ፤ የችግኝ ተከላ ሪፖርት ተጠየቀ። ጸሐፊው በሬን አንኳኩ።

"ስንት ናቸው?"

"ምኖቹ?"

"ያንተ ችግኞች። ደርቀዋል?"

"ድንጋይ እኮ አይደርቅም።"

ጸሐፊው ፊታቸው በራ። ባለፈው ዓመት ብሎኩ የተከላቸውን ፍየል በልቷቸዋል። አሁን "የጽድቀት መጠን" የሚለው ሰንጠረዥ ላይ በእርግጠኝነት መቶ በመቶ የሚሞላ ነገር አገኙ። ሕይወት የለውም ብለው የፈረሙትም እሳቸው ነበሩ፤ ይሄን አላስታወስኳቸውም።

እውነተኛ ጥያቄ ያመጣችው የሁለተኛ ፎቋ ልጅ ብቻ ናት። "ለምን ወደ ላይ ብቻ ይበቅላል? ወደ ታች ለምን አይበቅልም?" አለችኝ። ስለሚቀል ነው አልኳት። ስበት በሌለበት በህዋ ሲሞክሩት የሚሄድበት ይጠፋውና ወደየአቅጣጫው ይጠመዛዘዛል። ልጅቱ "ዋው" ብላ ጠርሙሱን አንድ ሰዓት ያህል ስታየው ቆየች። ለምን ይጠቅማል አላለችም። ገና ትንሽ ስለሆነች ነው።

ትናንት ደግሞ የሰርግ ዲኮር የሚሠራ ልጅ የጠርሙሴን ቪዲዮ የሆነ ቦታ አይቶ ደወለ።

"ጋሼ፣ ለሃምሳ ጠረጴዛ እፈልገዋለሁ። ሰማያዊና ነጭ፤ የሙሽሪት ቀለም ነው።"

"ከቦታው ከነቃነቅከው ይሰባበራል ልጄ። ደግሞ መርዝ ነው፤ ምግብ አጠገብ አይቀመጥም።"

ትንሽ ዝም አለ። የተወው መስሎኝ ነበር።

"እሺ፣ እሱ ካልመጣ ሙሽሮቹ ይምጡና ለፎቶ እዚያው ይቁሙ። ከአጀቡ ጋር ሃያ መኪና ገደማ ይሆናሉ። ፓርኪንግ አላችሁ?"