ሃምሳ ዓመት ባር ውስጥ መጫወት ውድቀት አይደለም

«ይሄን ያህል ጎበዝ ከሆኑ ለምን እስካሁን ባር ውስጥ ይጫወታሉ?»

ሙዚቃ የሚወድ ሰው ይህን ጥያቄ ወይ ጠይቋል ወይ ተጠይቋል። ጠያቂው ክፋት የለውም። ባር መነሻ ነው፣ መድረሻው ስታዲየም ነው ብሎ ስለሚያስብ ነው። መንገድ ላይ የቀረው ያሳዝነዋል። እኔ ደግሞ የሚያሳዝነኝ ይሄ አስተሳሰብ ነው። ለምን እንደሆነ ለመናገር አንድ የአሜሪካ ባንድ ላንሳ። ስማቸው ሩምፉል ኦፍ ብሉዝ ይባላል። ብዙዎቻችሁ አልሰማችሁም ይሆናል። አሜሪካ ውስጥም ያልሰማቸው ሞልቷል።

ባንዱ የተመሠረተው በ1967 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ያዙልኝ)። ቦታው ዌስተርሊ ነው። ሮድ አይላንድ በምትባለው የአሜሪካ ትንሿ ግዛት ጫፍ፣ ከኮነቲከት ድንበር ላይ ያለች ከተማ ናት። ጊታሪስቱ ዱክ ሮቢላርድና ፒያኒስቱ አል ኮፕሊ ጀመሩት። ጊዜው ወጣቱ ሁሉ በሮክ ያበደበት፣ ማጉያው እስኪፈነዳ ጊታር የሚጮህበት ነው። እነሱ መጀመሪያ የቺካጎ ዓይነት ብሉዝ ነበር የሚጫወቱት። ከዚያ ሮቢላርድ የአርባዎቹን የዳንስ ባንድ መሪ የባዲ ጆንሰንን አንድ አሮጌ ሸክላ ሰማ። አለቀ። በ1970 ሳክስፎኖቹ ገቡ። ሪች ላታይልና ግሬግ ፒኮሎ መጡ፣ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ባሪቶን ሳክስፎን ይዞ ዳግ ጄምስ። እኩዮቻቸው ወደፊት ሲሮጡ እነሱ ሃያና ሠላሳ ዓመት ወደኋላ ሄዱ።

ወደኋላ ሄደው ያገኙት ሙዚቃ ጃምፕ ብሉዝ ይባላል። የሪትም ኤንድ ብሉዝ አባት በሉት። አወላለዱ ራሱ የባር ታሪክ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ውስጥ አሥራ አምስትና አሥራ ስድስት ሰው ያለበት ትልቅ ባንድ ማንቀሳቀስ ከባድ ሆነ። ቤንዚን በራሽን ነው። ሙዚቀኛው ዘምቷል። በዚያ ላይ መንግሥት በ1944 ዳንስና ዘፈን ባለባቸው ቤቶች ላይ መጀመሪያ 30 በመቶ፣ ጥቂት ወራት ቆይቶ 20 በመቶ ግብር ጣለ። ባለቤቶቹ ምን ያድርጉ? ባንዱን ቀነሱ። እንደ ዘፋኝና ሳክስፎኒስቱ ሉዊስ ጆርዳን ያሉት ጮሌዎች ደግሞ በጥቂት ሰው የብዙ ሰው ድምፅ ማውጣት ቻሉ። የጆርዳን ባንድ ስሙ «ቲምፓኒ ፋይቭ» ነበር። አምስት ማለቱ ነው እንግዲህ፣ ብዙ ጊዜ ግን ከአምስት ይበልጡ ነበር። ነፍሱን ይማር፣ ቁጥር ላይ አይጨነቅም።

ስለዚህ ይህ ሙዚቃ ከመጀመሪያውም ለስታዲየም አልተሠራም። ጠባብ ቤት፣ ዝቅ ያለ ጣሪያ፣ ቆሞ የሚጠጣና የሚደንስ ሰው ታስቦ የተሠራ ነው። ወደ ትልቅ አዳራሽ ስትወስደው አንድ ነገር ይጎድለዋል።

ሩምፉልን ስታዳምጡ የትንፋሽ መሣሪያዎቹን ተከተሉ። ጊታሩ ሶሎ ሲገባ እነሱ ዝም አይሉም። ባሪቶን ሳክስፎኑ ከታች፣ ቴነር ሳክስፎኑ መሃል፣ ትራምፔቱ ከላይ ሆነው አንዲት አጭር ሐረግ ይይዛሉ። በኖታ ሁለት ወይም አራት ሜዠር ብትሆን ነው። ያቺኑ ይደጋግሟታል። ሦስተኛው ዙር ላይ ጠበቅ ያደርጓታል። ድራመሩ ይሰማና ይከተላል። ጊታሪስቱ ከኋላው ሲገፉት ሳይወድ በግዱ ከፍ ይላል። ዋናው ግን ሐረጓ የምታልቅበት ቦታ ነው። ሦስቱም በአንድ ቅጽበት ነው ትንፋሻቸውን የሚቆርጡት። ይህን ኖታ አያስተምርም። ለዓመታት በሳምንት ብዙ ሌሊት ጎን ለጎን የቆሙ ሰዎች ብቻ ናቸው እንዲህ የሚቆርጡት። ስቱዲዮ ውስጥ ጎበዝ ጎበዙን ሰብስባችሁ ብትቀጥሩ ኖታው ልክ ይሆናል፣ ትንፋሹ ግን ይለያያል።

የቆሙበት ቦታ ደግሞ ኒከርቦከር ካፌ ነበር። ዌስተርሊ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለ ቤት ነው። የሠፈሩ ሰው «ኒክ» ይለዋል። የዳንስ ወለል አለው። ወለሉ ወሳኝ ነው። ቁጭ ብሎ ለሚያጨበጭብ ሰው ስትጫወት ሶሎህ ይረዝማል። ለሚደንስ ሰው ስትጫወት ግን ፍርዱ ወዲያው ነው። ሰውዬው ወይ ይነሳል ወይ ቢራውን ይዞ ይቀመጣል። ሩምፉል የተማሩት በዚህ ትምህርት ቤት ነው።

የመጀመሪያ አልበማቸው በ1977 ወጣ። ከፕሮዲውሰሮቹ አንዱ ዶክ ፖመስ ነበር፣ ታላቅ የዘፈን ደራሲ። አልበሙ ሚሊየነር አላደረጋቸውም። ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር ለእኔ ከሚሊየኑ ይበልጣል። የድሮዎቹ የሪትም ኤንድ ብሉዝ ጌቶች ያን ጊዜ በሕይወት አሉ፣ ባንድ ግን የላቸውም። ሥራቸውን በቃሉ የሚያውቅ፣ «በዚህ ቁልፍ፣ በዚህ ፍጥነት» ሲሉት የሚጀምር ባንድ ከየት ይምጣ? ከዌስተርሊ መጣ። ኤዲ «ክሊንሄድ» ቪንሰን ከእነሱ ጋር ቀረፀ። በ1983 ቢግ ጆ ተርነር አብሯቸው ቀረፀ። ተርነር በወጣትነቱ ካንሳስ ሲቲ ውስጥ መጠጥ እየቀዳ የሚዘፍን አሳላፊ ነበር። ያን ጊዜ ዕድሜው ከሰባ አልፏል፣ ድምፁ ግን አሁንም ግድግዳ ያንቀጠቅጣል። በ1985 ሞተ። ሁለት ዓመት ቢዘገዩ ኖሮ ያ ሥራ የለም። ከዚያ የኒው ኦርሊንሱ ኧርል ኪንግ ቀጠለ።

እንግዲህ ስታዲየም ያልደረሰው ባንድ ያተረፈው ይሄንን ነው። አንድ ትውልድ ሊያልቅ ሲል ከሥሩ ተገኙ። ታዋቂ ቢሆኑ ኖሮ ለተርነር ጊዜ የሚኖራቸው አይመስለኝም።

ትልቅ መድረክም ፈጽሞ አላጡም። ጥቅምት 4 ቀን 1984 ታዋቂው የብሉዝ ጊታሪስት ስቲቪ ሬይ ቮን ኒውዮርክ ካርኔጊ ሆል ሲጫወት ከኋላው የቆሙት ነፊዎች የሩምፉል ልጆች ናቸው። ቅጂው በ1997 ወጥቷል፣ ስሙት።

ያው ዓመት ግን ክፉ ዜናም ነበረው። በ1984 የአሜሪካ መንግሥት ዕድሜው ከ21 በታች የሆነ ሰው መጠጥ እንዳይገዛ የማያደርግ ክልል የመንገድ በጀቱ ይቀነሳል የሚል ሕግ አወጣ። ክልሎቹ አንድ በአንድ እጅ ሰጡ። ቀደም ሲል በ18 ዓመት መጠጣት የሚፈቅዱ ቤቶች የኮሌጅ ተማሪውን አጡ። ሕጉ በመኪና አደጋ የሚያልቀውን ወጣት ለማትረፍ ነው የወጣው፣ ልቃወመው አልችልም። ለባር ባንድ ግን ዱብ ዕዳ ነበር። ዲጄው ደግሞ ብቻውን ይመጣል፣ ብቻውን ይበላል፣ ሆቴል አንድ ክፍል ይበቃዋል። ስምንት ሰው ያለበት ባንድ ከዚህ ጋር እንዴት ይወዳደር?

ብዙ ባንድ ያኔ ተበተነ። ሩምፉል አልተበተነም። ለምን? ሰው ስላልለቀቃቸው ነው እንዳትሉ፣ የለቀቀው ሰው ጉድ ነው። መሥራቹ ሮቢላርድ ሰባዎቹ ሲያልቁ ሄደ። ቦታውን ሮኒ ኧርል ያዘ፣ እሱም በጊዜው ሄዶ የራሱን ስም ሠራ። ኮፕሊ ሄደ። ለዓመታት የመራው ፒኮሎ በ1994 ሄደ። ዘፋኞች እየመጡ ሄዱ። በ1990 የገባው ጊታሪስት ክሪስ ቫሾን ቆይቶ መሪ ሆነ። ከሃምሳ በላይ ሙዚቀኛ በዚህ ባንድ አልፏል። እንደ እድር ነው። አባል ይሞታል፣ አባል ይለቃል፣ ሰብሳቢ ይቀየራል። ድንኳኑና መዝገቡ ግን አለ። መሥራቾቹ ስለሞቱ እድሩ ይፍረስ የሚል ሰው አይቼ አላውቅም።

ሪች ላታይል ግን አለ። በ1970 የገባው ሳክስፎኒስት። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በአንድ ባንድ ውስጥ መሪ ሳይባል፣ ፎቶው ለብቻው ሽፋን ላይ ሳይወጣ ነፋ። አዲስ የገባ ትራምፔተር ትንፋሹን የት እንደሚቆርጥ የሚማረው ከእሱ ነው። የባንዱ መዝገብ እሱ ነው ማለት ይቻላል። ሥራውም ቀልድ አይደለም። ከ1981 ጀምሮ ትራምፔት ሲነፋ የኖረው ቦብ ኢኖስ በጥር 2008 ለሥራ መንገድ ላይ እያሉ ነው ያረፈው።

ጉድለታቸውን ልደብቅ አልፈልግም። ዘፋኝ በተቀየረ ቁጥር የባንዱ ፊት ይቀየራል። አድማጭ ደግሞ ፊት ይወዳል። ከኋለኞቹ አልበሞቻቸው አንዳንዶቹን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ብታዳምጡ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለይም። ግራሚ አምስት ጊዜ ታጭተው አንዴም አላሸነፉም። የዳኞችን ነገር ልተወውና፣ ባንዱ በቀጥታ ሲጫወትና በቅጂ ሲሰማ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ሽልማት ደግሞ የሚሰጠው ለቅጂ ነው።

ይህን ሁሉ የማወራው የእኛን ቤት እያሰብኩ ነው። ዝምድናው እውነተኛ ስለሆነ። አዲስ አበባ በስልሳዎቹና በሰባዎቹ በትንፋሽ መሣሪያ ስትደምቅ አንዱ ምንጯ ይኸው የአሜሪካ ሪትም ኤንድ ብሉዝ ነበር። በሸክላ መጣ፣ አስመራ ቃኘው ከነበረው የአሜሪካ ጦር ሠፈር ሬዲዮም ተሰማ። የክቡር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራ ልጆች ያንን ወስደው በትዝታና በአንቺ ሆዬ አሹት። ከዚያ የሆቴልና የክለብ ባንዶች መጡ። ዋልያስ ከነዚህ አንዱ ነው። መሣሪያውን ራሱ ገዝቶ፣ የክለብ ባለቤት ንብረት ሳይሆን የሠራ ባንድ። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ ሂልተን ውስጥ የገባው ሰው እስኪነጋ አይወጣም፣ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ከዚህ የበለጠ የባር ባንድ ሥልጠና የት አለ?

ዋልያስ በ1981 አሜሪካ ሄደ። ከፊሉ እዚያው ቀረ፣ ከፊሉ ተመለሰ። ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ቀርቶ ለዓመታት ታክሲ ነዳ። ዱለስ አየር ማረፊያ ተሳፋሪ እየጠበቀ በባትሪ በሚሠራ ኪቦርድ ይለማመድ ነበር። ከ2013 ወዲህ የድሮ ሥራዎቹ እንደገና ሲታተሙ ፈረንጁ ሁሉ «ይሄ ሰው የት ነበር?» አለ። ደስ ይላል። ግን ልብ በሉ፣ የተመለሰው ሰውየው ነው። ባንዱ አልተመለሰም። ሮሃ ባንድም እንዲሁ ነው። በሰማንያዎቹ ከምንወዳቸው ካሴቶች ጀርባ ስንቱ ላይ ነበሩ! የዘፋኙን ስም ሁላችንም እናውቃለን። ቤዙን ማን እንደያዘ የምንናገር ግን ጥቂት ነን። «አጃቢ» ብለን እንጠራቸውና ክፍያቸውም ክብራቸውም እዚያው ላይ ያቆማል።

ደርግ፣ ስደት፣ ሰዓት እላፊ፣ ሁሉም ምክንያት ነው፣ እቀበላለሁ። የምንበትናቸው ግን እኛም ነን። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በኮንሰርቫቶሪ የሠለጠኑ ሳክስፎኒስቶች አሉ። ቋሚ ወንበር ያለው ባንድ ግን የለም ማለት ይቻላል። ልጆቹ ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ይጠራሉ። ዘፋኙ ሲጠራቸው ይሰበሰባሉ፣ ሲያልቅ ይበተናሉ። ትንፋሽ አንድ ላይ የሚቆርጡት መቼ ይማሩ?

የክለብ ባለቤቶችን ስታናግር መልሱ አንድ ነው፦ «ስምንት ሰው መክፈል አልችልም፣ ኪቦርዲስትና ዘፋኝ ይበቃኛል።» ሒሳቡ ገብቶኛል። አሜሪካኖቹ ባር ቤቶች ግን ለዚህ የቆየ መላ አላቸው። የመግቢያውን ገንዘብ ባንዱ ይወስዳል፣ የመጠጡን ቤቱ ይወስዳል። ሰው ካልመጣ ሁለቱም ይጎዳሉ፣ ከመጣ ሁለቱም ያተርፋሉ። ቅዳሜን ለማንም አትስጡ፣ ቅዳሜ ራሷን ትሸጣለች። ሐሙስን ለአንድ ባንድ ስጡ። ያው ባንድ፣ ያው ሐሙስ፣ ቢያንስ ለአንድ ዓመት። ጠረጴዛዎቹን ከመድረኩ ፊት አንሱና ወለሉን ባዶ አድርጉት። ማስታወቂያው ላይ ደግሞ የባንዱን ስም በትልቁ፣ የዘፋኙን ከሥር በትንሹ ጻፉ። ዘፋኙ ይቆጣ ይሆናል። ይቆጣ።