አንቴናዬን ቤት ውስጥ አስቀሩብኝ

እዚህ አሜሪካ ተከራይ የራሱ በረንዳ ላይ ትንሽ የሳተላይት ዲሽ መትከሉን የፌዴራል ደንብ ይጠብቅለታል። እኔ በትርፍ ጊዜዬ ከሌሎች ጋር የምገናኝበት የአማተር ሬዲዮ አንቴና ግን አልተካተተም። አከራዬ ከለከለኝ፤ ሽቦዬን ኮርኒሱ ስር ዘረጋሁ። ከዚያ ወዲህ ሰላም የለኝም! ሬዲዮዬን 7 ሜጋኸርዝ ላይ ስከፍት የርካሽ ቻርጀርና የኤልኢዲ አምፖል ጩኸት ጆሮ ይበሳል። እኔ ሳስተላልፍ ደግሞ የጎረቤት ስፒከር ያጓራል፤ የሚንኳኳው የእኔ በር ነው። የማስተላለፊያ ኃይሉን ከ100 ዋት ወደ 5 አወረድኩ። የአንቴናውን ኬብል ፌራይት ከሚባል ማግኔታዊ ቁስ በተሠራ ቀለበት ላይ ደጋግሜ ጠመጠምኩ፤ በኬብሉ ላይ ተመልሶ ቤት የሚገባውን ሞገድ ስለሚያንቀው በጣም ረድቶኛል። የሰው ቤት ቻርጀር ላይ ግን ምን ላድርግ? ብዙ ርካሽ አምራቾች ለጥቂት ሳንቲም ብለው የጩኸት ማጣሪያውን ይዘሉታል፣ ዕዳው ለእኛ ይተርፋል። አንዲት ቀጭን ሽቦ ውጭ ብትሰቀል ማንን ትጎዳለች? ኧረ ያናድዳል!