የገናን ዛፍ በስንደዶና በባዘቶ እናስጊጥ

ታኅሣሥ ሲገባ ከለገጣፎ እስከ ሰበታ በየመንገዱ ዳር የፕላስቲክ ዛፍና የሚያብረቀርቅ ኳስ ይደረደራል። ኳሱ ብዙ ሳይቆይ ቀለሙ ይላጣል፣ ማንጠልጠያው ይወልቃል። "ዛፉ ራሱ የፈረንጅ ነው፤ ጌጡ የፈረንጅ ቢሆን ምን አለበት?" የሚል መከራከሪያ ይነሣል። ጀርመኖችና ስዊድኖች ግን ዛፋቸው ላይ ከእህል አገዳ የሠሩትን ኮከብ ይሰቅላሉ። እነሱ የአውድማቸውን ትርፍ ለበዓል ካበቁት፣ መሶብ የሚሰፋበት ስንደዶ ለእኛ ዛፍ የሚያንስበት ምክንያት የለም።

ለአንድ ኮከብ 24 ቀጥ ያሉ ስንደዶዎች ይበቃሉ። ርዝመታቸውን 14 ሳንቲ ሜትር አስተካክላችሁ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ንከሯቸው። ደረቁን ብታጥፉት ይሰነጠቃል፤ ውኃ ውስጥ ካደረ ደግሞ ወርቃማ መልኩን ያጣል። በቀለም የተነከረ አለላ ለመቀላቀል ካሰባችሁ ለብቻው ይነከር፤ ቀለሙ ወደ ነጩ ይጋባል። ስንደዶውን ስምንት ስምንት አድርጋችሁ በሦስት እስር ክፈሉት፤ እስሮቹን መሐል ለመሐል አቋርጡና ክሩን አንዱን ከላይ፣ ቀጣዩን ከታች እያሳለፋችሁ ሁለት ዙር አጥብቁ። ስድስት ክንድ ይወጣል። ከአንዱ ክንድ አራት፣ ከጎረቤቱ አራት ወስዳችሁ ከመሐል 4 ሳንቲ ሜትር ላይ አንድ ላይ እሰሩ፤ ዙሪያውን እንዲሁ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቋጠሮው ላይ ነው። ውኃ የጠጣ ስንደዶ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይቀጥናል፤ ማታ ጥብቅ የነበረው ጠዋት ይላላና ኮከቡ ይበተናል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚፈታ ቋጠሮ ይሁን፤ በማግሥቱ ክሩ እንደገና ተስቦ ለመጨረሻ ጊዜ ይታሰርና ቋጠሮው ላይ አንድ ጠብታ ኮላ ይጨመርበት።

ልጆች ሊሠሩት የሚችሉት ደግሞ የጨው ሊጥ ጌጥ ነው፤ ሁለት ስኒ ፍርኖ ዱቄት፣ አንድ ስኒ የላመ ጨው፣ ውኃው ጥቂት በጥቂት እስከ አንድ ስኒ። ግማሽ ሳንቲ ሜትር ውፍረት እስኪኖረው ዳምጣችሁ በሻይ ብርጭቆ አፍ ቁረጡት፤ ቀዳዳውን ሳይደርቅ በእስክሪፕቶ ቀፎ ብሱት። ለማፋጠን ብላችሁ የጋለ ምጣድ ላይ አትጣሉት፤ ይነፋና ይሰነጠቃል። የበጋው ፀሐይ እየገለበጡት በሦስት አራት ቀን ያደርቀዋል፤ ማታ ማታ ግን ይግባ፣ የሱሉልታ ውርጭ መልሶ ያረጥበዋል። ጨው እርጥበት ስለሚስብ ቫርኒሽ ካልተቀባ ውሎ አድሮ ይለሰልሳል።

ለዛፉ ብሎ የለጋ ጽድ ጫፍ መቁረጥ ጨርሶ ሊቀር ይገባል፤ ጫፉ የተቆረጠ ጽድ ቀጥ ብሎ ማደጉን ትቶ መንታ ግንድ ያወጣል። ከአጥር የፈረንጅ ጽድ ላይ ስድስት ሰባት የጎን ቅርንጫፍ መልምላችሁ፣ በአንድ ቀጭን አጣና ዙሪያ ከታች ረጃጅሙን፣ ከላይ አጫጭሩን እሰሩ። የረጃጅሞቹ እግር ጠጠርና ውኃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ይቁም፤ የላይኞቹ ውኃ ስለማያገኙ ቀድመው ይደርቃሉ፣ በየሁለት ሦስት ቀኑ ተኩ።

የድሮውን የሳሎን ዛፍ የሚያስታውስ ሁሉ በረዶ መስሎ የተበተነውን ጥጥ ያስታውሳል። ጥጡን በጓል በጓሉ አትለጥፉት፤ ባዘቶውን በጣት እየሳባችሁ ከጀርባው ያለው ቅጠል እስኪታይ አሳሱት። መብራት ካለ መጀመሪያ እሱ ይዘርጋ፤ ጥጥ የጋለ አምፖል አይንካው፣ የመብራቱ ገመድ ማያያዣም ከባልዲው ውኃ ይራቅ። ሻማ ጥጥ ካለበት ዛፍ አጠገብ ከቶ አይብራ፤ ባዘቶ አንዴ ከተያያዘ እሳቱ በሰከንዶች ውስጥ ላይ ይደርሳል። ከባዱ የሊጥ ጌጥ ከግንዱ አጠገብ፣ የስንደዶው ኮከብ ጫፍ ጫፉ ላይ ይሰቀል።

ከጥምቀት በኋላ ኮከቦቹን በጋዜጣ መሐል ጠፍጣፋ አድርጋችሁ አስቀምጡ። የሊጡ ጌጥ ክዳን ባለው ጣሳ ይግባ፤ ካርቶን ውስጥ ከተተወ አይጥ ይበላዋል።